በጎንደር የዘይት ቀለም ሥዕል መማር ለምትፈልጉ፣ ለመምህሬም ምስጋና

ጎንደር ውስጥ የሰውን ፊት በዘይት ቀለም መሣል የሚያስተምር ሰው ለምትፈልጉ፣ እኔን ያስተማሩኝን ሠዓሊ ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ «ጋሼ» ብዬ አልፋለሁ።

ጋሼ ጀማሪን የሚያስተምሩት የቀደሙ ሊቃውንትን ሥራ በማስገልበጥ ነው። እኔ ሞናሊዛን ስመኝ፣ እሳቸው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1514 እስከ 1515 ገደማ የሣለውን፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን የጸሐፊውን የባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔን ምስል ሰጡኝ። «ሰውየው ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ነው የለበሰው፤ ቀለም አያዘናጋሽም» አሉኝ። የሰው ሥራ መገልበጥ ቅር እንዳሰኘኝ ሲያዩም፣ ታላቁ ሠዓሊ ሩበንስ ይህንኑ ሥዕል እንደገለበጠው፣ ሌላው ታላቅ ሠዓሊ ሬምብራንትም በ1639 አምስተርዳም ላይ ለጨረታ ሲቀርብ አይቶ በብዕር እንደነደፈው አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልከራከር?

ሥራው የሚጀመረው ፊቱን በቡናማ ቀለም፣ በጥላና በብርሃን ብቻ በማቆም ነው። የሥጋው ቀለም የሚመጣው ይህ ከደረቀ በኋላ ነው። ከሥር ያለው ድርብ ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው የበዛ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል እንጂ። በጾም የምንጠጣው ተልባ ይህን ሁሉ ጉድ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል!

ዓይኑ ላይ ስንደርስ «ነጩን ቀለም ክደኚው» አሉኝ። ግራጫ ላይ ጥቂት ቡናማ ለወሱና ከቆዳው አጠገብ በብሩሽ ጫፍ ነካ አደረጉት። የቀለም መለወሻው ሰሌዳ ላይ አመድ የመሰለው ቀለም እዚያ ሲያርፍ የዓይን ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ተማሪዎቻቸውን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደው ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እንዲያዩም ይልካሉ። እዚያ ፊትን የሚያቆመው መስመር ነው፤ ራፋኤል ዘንድ ደግሞ ጥላው ቀስ እያለ የሚሟሟበት ጠርዝ። ሁለቱን ሳያበላልጡ ማስተማራቸውን ከሁሉ አብልጬ እወድላቸዋለሁ።

ክፍያቸው የደመወዝተኛን ኪስ አይጎዳም። ብሩሽ ያውሳሉ፤ ሸራና ቀለም ግን የተማሪው ነው። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው የተርፐንታይን ሽታ የማይስማማው ሰው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ። ለልደት ስጦታ የሚሆን ሥዕል ቶሎ ጨርሼ ልውሰድ ለሚል ግን ቦታው አይደለም፤ እሳቸውም አይቀበሉትም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።