ቢጫው ዲቲ 830ዲ መልቲሜትር፦ ሥራ ቀይሮ ኤሌክትሪክ ለሚማር ሰው ምን ያህል ያስኬዳል?

በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ሥራ ቀይሮ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ መማር የሚጀምር ሰው ከፔንሳ፣ ከካቻቪቴና ከቴስተር ቀጥሎ የሚገዛው መልቲሜትር ነው፤ ቮልት፣ አምፔርና ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) የሚለካ መሣሪያ። መርካቶ ገብቶ "የሚረክሰውን ሜትር" ብሎ ከጠየቀ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቢጫው ዲቲ 830ዲ ነው። ኪስ ይገባል፣ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ ከሥልጠና ክፍያ በተረፈ ገንዘብም ይገዛል። ኃይል በተቋረጠበት መስመር ላይ ለመማር ጥሩ ዕቃ ነው። ኃይል ያለበት ፓነል (የብሬከር ማከፋፈያ ሳጥን) ላይ ግን ነፍስ የሚጣልበት አይደለም።

መጀመሪያ መልካሙን እናንሳ። ይህ ሜትር መጠኑን በራሱ አይመርጥም፤ ማዞሪያውን 200፣ 2000፣ 20 ሺህ፣ 200 ሺህ ወይም 2000 ሺህ ኦም ላይ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ለጀማሪ ይህ ጥቅም ነው፤ ከመለካቱ በፊት ስንት መምጣት እንዳለበት ማሰብ ይኖርበታል። የእንጀራ ምጣድን ውሰዱ። 3,500 ዋት የሚል ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ 220ን ለ16 ብታካፍሉ ወደ 14 ኦም ይመጣል። ምጣዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማዞሪያውን 200 ኦም ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን የመሰኪያ እግሮች ስትለኩ 14 አካባቢ ካነበበ ሽቦው ደህና ነው። ስክሪኑ ግራ ጫፍ ላይ "1" ብቻ ከቆመ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሾርት አለ። ቀጥሎ ወደ 2000 ሺህ ኦም አዙራችሁ አንዱን እግር ከምጣዱ ብረት አካል ጋር ለኩ። እዚህ ላይ "1" ማለት የሚታይ ግንኙነት የለም ማለት ነው። በዚህ መጠን ላይ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች በጣት አትያዙ፤ የምታነቡት የራሳችሁን ሰውነት ይሆናል።

ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ስትገጥሙም ይረዳል። የማብሪያ ማጥፊያውን የጋራ እግር ለማግኘት ሳይገጠም በእጅ ይዛችሁ በድምፁ ሞክሩት፤ በዚህ ቦታ ላይ ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ሲገናኙ ሜትሩ ይጮኻል። አንዱን ጫፍ አንድ እግር ላይ አኑራችሁ ሌላውን በተራ በተራ ንኩ። ቁልፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲሆን ከአንዱ ወይም ከሌላው እግር ጋር የሚጮኸው የጋራው ነው።

ስለ ድምፁ ግን ተጠንቀቁ። ሽቦው ፍጹም ዜሮ እስኪሆን አይጠብቅም፤ 14 ኦም ባለው ምጣድም ይጮኻል። ስለዚህ ኃይሉ ጠፍቶ ምጣድ ግን ተሰክቶ ሳለ ፌዝና ኒውትራሉን ለክቶ "ሾርት አለ" ብሎ ግድግዳ የሚያስፈርስ ጀማሪ አይጠፋም። በተቃራኒው 1 ኦም ያለው የላላ ቋጠሮ ያለምንም ችግር ይጮኻል፣ ጤናማም ይመስላል። በዚያ ቋጠሮ 16 አምፔር ሲያልፍ ግን ወደ 250 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ሶኬቱን የሚያቀልጠው እሱ ነው። ስለዚህ ቋጠሮን በድምፅ አትፍረዱ፤ 200 ኦም ላይ ቁጥሩን አንብቡ፣ ሁለቱን ጫፎች አጋጥማችሁ ያገኛችሁትን የገመዱን የራሱን ኦም ቀንሱ።

አሁን ወደሚያስፈራው ክፍል። ኃይል ላይ ሲለካ ይህ ሜትር በሦስት መንገድ ያታልላል፤ ሦስቱንም ሳያውቁ ከሥልጠና ክፍል መውጣት አይገባም።

አንደኛው ያው "1" ነው። የኤሲ (የቤት መስመር ዓይነት ኃይል) ቮልት መጠኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ 200 እና 750፣ በአንዳንዱ 600። ማዞሪያው 200 ላይ ሆኖ 220 ቮልት ሲነካ ከመጠን አልፏል ለማለት "1" ያሳያል። ያልለመደ ዓይን "1 ቮልት፣ ምንም የለም" ብሎ ያነበዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ማዞሪያው በስህተት ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኃይል) ቮልት ላይ ከሆነ በቤታችን ያለው ኤሲ ሲለካ ዜሮ አካባቢ ይመጣል። ሜትሩ አልተበላሸም፣ የተጠየቀውን መልሷል፤ መስመሩ ግን ሙሉ 220 ተሸክሞ እዚያው አለ። ሦስተኛው ቀይ ገመዱ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ተረስቶ ቮልት ለመለካት መሞከር ነው። ያ ቀዳዳ ፊዩዝ የለውም፤ ውስጡ ወፍራም ሽቦ ብቻ ስለሆነ ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ ያገናኛል። የሚከተለው ብልጭታና የቀለጠ ብረት ነው፣ ያውም ፊት አጠገብ። ምክራችን ግልጽ ነው፦ ያንን ቀዳዳ ገና ከሱቅ ስትመጡ በናስትሮ ድፈኑት። ኤሲ አምፔር ስለማይለካ የቤት መስመር ላይ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም።

ንባቡን በተመለከተ፣ አብሮት የሚመጣው ወረቀት በኤሲ ቮልት ከንባቡ 1.2 በመቶ ሲደመር 10 አሃዝ ስህተት ይፈቅዳል። በ750 መጠን አንድ አሃዝ አንድ ቮልት ነው። ትክክለኛው 220 ከሆነ እንግዲህ ከ207 እስከ 233 ያለው ሁሉ "ልክ" ነው። ኃይል መኖሩን ለማወቅ ይበቃል፤ "ቮልቴጅ ወርዷል" ብሎ ከደንበኛ ጋር ለመከራከር አይበቃም። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል፤ የባትሪ ምልክት ስክሪኑ ላይ ካያችሁ የትኛውንም ንባብ አትመኑ።

ለፓነል ለምን አልፈቀድንም? ሕንፃ ውስጥ ለተተከለ ማከፋፈያ የሚመጥን ሜትር ካት 3 ደረጃ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ግፊትን የመቋቋም የደህንነት ምድብ)፣ በሴራሚክ የታሸገ ከፍተኛ ሾርት የሚቆርጥ ፊዩዝና ወፍራም ገመድ ይፈልጋል። እዚህ ውስጥ ያለው ትንሽ የመስታወት ፊዩዝ ነው፤ እሱም የ10 አምፔሩን ቀዳዳ አይጠብቅም። ፊቱ ላይ የታተመው የካት ጽሑፍ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ለመፈተሹ ማስረጃ አይደለም። ገመዱ ቀጭን ነው፣ በመያዣው አንገት ላይ ቶሎ ይሰበራል። የመለኪያው ጫፍም ረጅም እርቃን ብረት ስለሆነ ብሬከር ውስጥ ገብቶ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሊነካ ይችላል። የሚጋለጠው ብረት ከ4 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ዕድሜ። ዓይናቸው በቅርብ ማየት ለደከመ ሰዎች በማዞሪያው ዙሪያ ያለው ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ነው፤ ስክሪኑም ብርሃን የለውም። ኮርኒስ ውስጥ ኤሲን ከዲሲ መለየት ከባድ ነው፣ ያ ስህተት የሚያስከፍለውን ደግሞ አይተናል። መነጽር ያዙ፤ የራስ ላይ ባትሪም ግዙ፤ ወይም ስክሪኑ የሚበራውን ሞዴል ጠይቁ።

ሱቅ ላይ ሳትከፍሉ ሞክሩት። 200 ኦም ላይ ጫፎቹን አጋጥሙ፤ ከ1 ኦም በታች ሆኖ መርጋት አለበት። ገመዱን አንገቱ ላይ ስታወዛውዙ ቁጥሩ ከዘለለ መልሱ። ድምፅ እንዳለው አረጋግጡ፤ በዚህ ስም ከሚሸጡት ድምፅ የሌላቸውም አሉ። አዲስ የ1.5 ቮልት ባትሪ አስለኩ፤ ከ1.5 እስከ 1.6 ማሳየት አለበት።

መስመር ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኃይል እንዳለው የምታውቁት ሶኬት ላይ ሜትሩን ፈትኑ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ የምትሠሩበትን ለኩ፣ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ዓይነት ኃይል ያለው ሶኬት እንደገና ለኩ። በመሀል ሜትሩ ሞቶ ቢሆን የሚያጋልጠው ሦስተኛው ልኬት ነው። አሰልጣኙ በዕድሜ ከናንተ ቢያንስም ይህን ሲያዝዛችሁ አትናቁት፣ አትቸኩሉም።

የገመድን ሽፋን ጤና ለመመርመር ይህን ሜትር አትጠቀሙበት። እሱ የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ ለ220 ቮልት መስመር የሚያስፈልገው 500 ቮልት የሚልክ ሜገር (የሽፋን መፈተሻ ሜትር) ሲሆን ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መገኘት አለበት። ኮንጂት (የገመድ ቱቦ) ውስጥ ውሃ የገባበት ገመድ በዲቲ 830ዲ ንጹሕ መስሎ፣ ኃይል ሲለቀቅ ብሬከር ሊጥል ይችላል። ሜገር ለጀማሪ ውድ ነው፤ ሥራው ሲመጣ መከራየት ወይም ካለው ባለሙያ ጋር መሥራት ያዋጣል። በራሳችሁ ገንዘብ ቀድማችሁ ግዙ የምንለው ካት 3 ደረጃው የታመነ፣ ኤሲ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጥ በመንጋጋው ከቦ የሚለካ) ነው። ቢጫውን ያኔም አትጣሉት፤ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖል መያዣና ምጣድ ለመፈተሽ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ባትሪው ግን በየጊዜው ይለወጥ።