ከኮምቦልቻ እስከ ውጫሌ በኮርሳ ብስክሌት፦ መንገዱ ሲመዘን

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፦ ድምሩ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም በአንድ ዋና አስፋልት ላይ። ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ደሴ–ሐይቅ ግሩም ነው። ኮምቦልቻ–ደሴ ሽቅቡ መልካም፣ ቁልቁለቱ ግን የማይመከር። ሐይቅ–ውጫሌ የታሪክ ፍቅር ላለበት ብቻ።

ብዙ ሰው ታሪክ እያዩ በብስክሌት መጓዝ ሲባል የሚያስበው ፈረንሳይን ነው። የሎዋር ወንዝ ዳር መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ ምልክት አለው፤ በ1519 (እ.ኤ.አ.) ግንባታው የተጀመረውን የሻምቦርን ቤተ መንግሥት አይቶ በዚያው ቀን ሌላ ቤተ መንግሥት ጋ ማደር ይቻላል። ወሎ ላይ ይህን የሚጠብቅ ሰው ሐረጎ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቆጨዋል። እዚህ አቅጣጫ ጠቋሚውም አስጎብኚውም የመንገድ ዳር ሰው ነው፤ ቡና ጠጡ መባሉም አይቀርም፤ የጊዜ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

ኮምቦልቻ–ደሴ (25 ኪሎ ሜትር ገደማ)

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,865 ሜትር ላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,470 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ 600 ሜትር ነው። ለ25 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ቀላል ይመስላል፤ አማካይ ግን ያታልላል። ዳገቱ እኩል አልተከፋፈለም፤ አብዛኛው ሐረጎ ላይ ተከምሯል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ሲወጡ በጉልበት የሚፈተለክ ሰው ጠመዝማዛው ሲጀምር ባዶውን ይቀራል።

ወሳኙ ነገር ማርሹ ነው። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ 32 ወይም 34 ያለው ብስክሌት በደቂቃ 70 ጊዜ ሲረገጥ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ እግር ሳይወጠር፣ ትንፋሽ ሳይቆረጥ። በየከተማችን በብዛት የሚገኘው አሮጌ ኮርሳ ግን ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ነው። በዚህ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ ይረግጣል፤ ሙሉ ክብደቱ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። ከሐረጎ በኋላ ጉልበቴን አመመኝ የሚለው አብዛኛው ሰው ችግሩ ሥልጠና ማነስ ሳይሆን ይህ ነው። የኋላውን ጥርስ ማስለወጥ ከአዲስ ብስክሌት እጅግ ይረክሳል። ነገር ግን የማርሽ መቀየሪያው አጭር ከሆነ ትልቁን ጥርስ አይሸከምም፤ ካቴናውም መርዘም አለበት። ሳይረዝም ትልቅ ጥርስ ላይ ከተጫነ ካቴናው ይወጠርና መቀየሪያውን ገንጥሎ ወደ ቸርኬው ሽቦ ይከተዋል። ጥገናው ከጥርሱ ዋጋ ይበልጣል።

የዚህ ክፍል ትልቁ ጉድለት ከባድ መኪና ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካውም ደረቅ ወደቡም ያለባት ከተማ ናት፤ ተሳቢው አይቆምም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ከግርግሩ በፊት አብዛኛውን ዳገት ይጨርሳል፤ 3 ሰዓት ላይ የተነሣ የናፍጣ ጢስ እየማገ ይወጣል። ጠመዝማዛው ላይ ተሳቢ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ በውስጠኛው ማዕዘን በኩል ከጎኑ አትግቡ፤ እስኪያልፍ ቁሙ።

ቁልቁለቱን ለምን አንመክርም? ቸርኬውን በሚጨብጥ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ሙሉ በሙሉ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል። ሙቀቱ ወደ ከመነዳሪው ይተላለፋል፤ አየሩ ይነፋል፤ በመጨረሻ ይፈነዳል። ከፊት ከፈነዳ መሪው ከእጅ ይወጣል፤ ከጎን ደግሞ ገደል አለ። የግድ የሚወርድ ሰው ከጠመዝማዛው በፊት በሁለቱም ፍሬን በኃይል ይያዝ፣ ከዚያ ይልቀቅ፣ ቸርኬው ይተንፍስ። ዝም ብሎ በስሱ እየያዙ መውረድ ነው ቸርኬውን የሚያነደው። የፍሬን ጎማውንም ከመውረዳችሁ በፊት እዩት፤ መስመሩ የጠፋ ከሆነ አልቋል።

ደሴ ላይ

ደሴ የሚያድር ሰው ግማሽ ቀን ይስጣት። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በስሙ ብቻ ማየት ይገባዋል፤ ማንም የማይጠየፍበት ግብር ቤት ማለት ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዝርፊያ የደረሰበት ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የታዩት እዚሁ ነው። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ብስክሌት ይዞ መሀል ከተማ መግባት ትርፉ ድካም ነው፤ ባጃጁና አህያው አያሳልፍም።

ደሴ–ሐይቅ (30 ኪሎ ሜትር ገደማ)

ጊዜ ለአንድ ቀን ብቻ የፈቀደለት ሰው ይህን ይምረጥ፦ ደሴ–ሐይቅ–ደሴ፣ 60 ኪሎ ሜትር። ቦሩ ሜዳ ላይ ግንብ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ያዝናል፤ የሚታየው ሜዳው ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሃይማኖት ክርክር ተዘግቶበታል፤ የወሎ ሙስሊሞች ላይ የመጠመቅ ግዳጅ የወረደውም በዚያው ወቅት ነው። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የአይጠየፉ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ደሴ ያያችሁትን አዳራሽ ትርጉሙ እዚህ ይሞላዋል።

ከዚያ መንገዱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቁልቁለት መሆኑ ሲሄዱ ያስደስታል፤ ሲመለሱ ግን ከ400 ሜትር በላይ መልሶ መውጣት አለ፤ ያውም በከሰዓት ፀሐይ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ውኃ ላይ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች ለመሄጃው ይበቃሉ፤ ለመመለሻው ሐይቅ ከተማ ላይ እንደገና ሞልታችሁ አንዱ ውስጥ ቁንጥር ጨውና ስኳር ጨምሩ። ምግብ በየ45 ደቂቃው፦ ሙዝ፣ ወይም በውኃ የተበጠበጠ በሶ። ቆሎ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ዳገት ላይ እያለከለኩ ማኘክ ግን ያንቃል። ዓሣ ጥብሱን ሐይቅ ላይ ብሉ፤ እንጀራውን ግን ቀነስ አድርጉ፤ ዳገቱ ይጠብቃችኋል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው፤ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው የብራና ወንጌልም ዝናው ከዚሁ ገዳም ጋር ነው። ሁለት ነገር ቀድሞ ይታወቅ። አንደኛ፣ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ ከሴት ጋር የሚጓዝ ቡድን ይህን ደርሶ ሳይሆን ደሴ ላይ እያለ ይነጋገርበት። ሁለተኛ፣ በብስክሌት ቁምጣ አይገባም። ቀለል ያለ ሱሪና ነጠላ በጀርባ ኪስ ይያዙ፤ ከሥሩ ብረት ያለው የብስክሌት ጫማ ድንጋይ ላይ ስለሚያንሸራትት ሸበጥ ቢታከል ይመረጣል። ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ወርዶ ይግፋ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሐይቅ–ውጫሌ (30 ኪሎ ሜትር ገደማ)

ለመንዳት ብቻ ከሆነ ከበፊቱ የተለየ ነገር አይሰጥም፤ ሙቀቱ ይጨምራል። የሚያስኬደው ይስማ ንጉሥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተዋዋሉበት ስፍራ ነው። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዓድዋ ላይ ተለየለት። አንድ ግሥ ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ማሰብ ለሚወድ ሰው 30ው ኪሎ ሜትር አይበዛበትም። ከውጫሌ ግን በብስክሌት ተመልሶ ደሴ መግባት ለአንድ ቀን ብዙ ነው፤ ወይ ሐይቅ እደሩ ወይ በሚኒባስ ተመለሱ።

ሚኒባስ ላይ ሲጫን ረዳቱ ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ በጎኑ ያጋድመዋል። የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ቀኝ ጎን ወደ ላይ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ከሥር ከሆነ ይታጠፍና በማግስቱ ማርሹ አልገባ ይላል። ገመዱም ቧንቧው ላይ ሳይሆን ቸርኬና ኮርቻ ላይ ይታሰር። ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ተስማሙ፤ ብስክሌቱ ላይ ከወጣ በኋላ ድርድር የለም።

ጎማና ወቅት

ከ28 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጎማ አይመከርም፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ይቆርጠዋል። ለ65 ኪሎ ሰው ከኋላ 5 ባር፣ ከፊት ትንሽ ዝቅ ያለ ይበቃል። ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ጉድጓድ ላይ ይዘላል እንጂ አይፈጥንም። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ አብሽር የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የኮምፕሬሰሩ አፍ ለመኪና ቫልቭ የተሠራ ስለሆነ የኮርሳውን ቀጭን ቫልቭ አይዝም። ጥፍር የምታህል የነሐስ ማገናኛ አለች፤ እሷ ከሌለች ኮምፕሬሰር አጠገብ ቆሞ ባዶ ጎማ መታቀፍ ነው። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ያዙ። ስትቀይሩ የጎማውን ውስጥ በጣት ዳስሱ፤ እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱም በአምስት ደቂቃ ይበሳል።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ምርጡ ነው፤ አደይ አበባ፣ የታጠበ አየር፣ ደረቅ አስፋልት። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ሹፌሩ አያያችሁም፤ ገደላማው ላይ ናዳም አለ። ወሎ በልግ ስላላት ከየካቲት እስከ ሚያዝያም ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ የሸዋ ሰው በጋ ነው ብሎ ያለ ዝናብ ልብስ ሲመጣ የሚረጥበው ለዚህ ነው። የዕለቱን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ ከመነኻሪያ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለሚመርጥ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ዓርብ ማታ በመኪና ደሴ፣ ቅዳሜ ሐይቅ ደርሶ መልስ፣ እሑድ ጠዋት በመኪና ኮምቦልቻ ወርዶ በፔዳል ሐረጎን መውጣት።