ባለ 4 ሚሊ አሉኮቦንድ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳውን ለኩ

አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ፊት የሚለብሰው የአሉሚኒየም ፓነል ሁሉ «አሉኮቦንድ» ይባላል። ስሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ገበያ ላይ የዋለ የአንድ አምራች የንግድ ስም ነው። ዛሬ በዚያ ስም ከሱቅ የሚወጣው ግን ከየፋብሪካው የመጣ፣ ጥራቱ እጅግ የሚለያይ ዕቃ ነው። አብዛኛው «4 ሚሊ» ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ቁጥር ነው።

ደህናው ፓነል ፊትና ጀርባው 0.5 ሚሊ የአሉሚኒየም ቆዳ፣ መሀሉ 3 ሚሊ ሙሌት ነው። የርካሹ ቆዳ እስከ 0.21 ሚሊ ይወርድና ጎደሎው በፕላስቲክ ይሞላል። ጫፉን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ብትለኩት ያው 4 ያሳያችኋል፤ ሚዛን ላይ ስታወጡት ግን ይጋለጣል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉ ፓነል (2.98 ካሬ) ባለ 0.5 ቆዳና ተራ የፕላስቲክ ሙሌት ከሆነ 16 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 0.21 ከሆነ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሙሌቱ ማዕድን የተቀላቀለበት፣ ባለሙያዎች «ኤፍ አር» (እሳት የሚቋቋም) የሚሉት፣ ወደ 22 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ኤፍ አሩ በራሱ ከባድ ስለሆነ ሚዛን ብቻውን አይበቃውም፤ ከቁራጭ ላይ ቆዳውን ገልጦ በማይክሮሜትር መለካት ነው።

ሲቆረጥ ሁለቱም ይታዘዛሉ። የካርባይድ ጥርስ ያለው ክብ መጋዝ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ታች፣ መከላከያ ፕላስቲኩ ሳይላጥ፤ ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ጠረጴዛውን ጥረጉ፤ ከሥር የቀረች አንዲት ፍቅፋቂ ፊቱን ታጎደጉደዋለች፣ ጉድጓዱም አይቃናም። ግራይንደር አታስነኩት፦ ሙቀቱ ሙሌቱን አቅልጦ ጫፉን ያዝረከርከዋል፣ ቀለሙንም ያቃጥላል። አጠገቡ ቱቦላሬ (ፓነሉ የሚሰቀልበት ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እየተቆረጠ ወይም እየተበየደ ከሆነም ፓነሉን አርቁት፤ የብረት ብናኝ ፊቱ ላይ ተጣብቆ በመጀመሪያው ዝናብ ይዝጋል።

ጥሩና መጥፎው የሚለየው ሲታጠፍ ነው። ፓነሉ ሣጥን ሆኖ እንዲታጠፍ ከጀርባው በራውተር (ቦይ በሚያወጣ ማሽን) ባለ 90 ዲግሪ ቢላ ግሩቭ፣ ማለትም የማጠፊያ ቦይ፣ ይወጣለታል፤ የቢላው ጫፍ ሹል ሳይሆን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጥልቀቱ 3.2 ሚሊ ነው፤ የሚቀረው 0.8 ሲሆን 0.5ቱ የፊት ቆዳ፣ 0.3ቱ ሙሌት ነው። ያቺ ስስ ሙሌት ማዕዘኑን አለስልሳ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ታደርጋለች። ቆዳው 0.21 በሆነው ፓነል ግን 0.3 ሙሌት አስቀርታችሁ በድምሩ የሚተርፈው ግማሽ ሚሊ ብቻ ነው። ጠረጴዛው በአንድ ቦታ 0.3 ሚሊ ከፍ ካለ ቢላው ቆዳው ጋ ይደርሳል፤ ማጠፊያው ያኔውኑ ይቀደዳል፣ ወይም ከተሰቀለ በኋላ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ ጊዜ በራውተር ሠራተኛው የሚሳበበው ጥፋት መነሻው ግዢው ነው። የራውተሩ ጥልቀት ከጠረጴዛው ሳይሆን ከፓነሉ ገጽ ላይ በሚንከባለል ጎማ እንዲወሰን ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል።

ግሩቮቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ፤ ካለዚያ ሲታጠፍ ከዚያው ይቀደዳል። ማጠፍ አንድ ጊዜ ነው፤ ታጥፎ የተመለሰ ማዕዘን ከውስጥ የደከመ ስለሆነ ጣሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁ።

ዲዛይን የሚሠሩ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። በየጎኑ 25 ሚሊ ከታጠፈ ከ1220ው ለፊት የሚቀረው 1170 ነው። 15 ሚሊ መገጣጠሚያ ሲጨመር ከመሀል እስከ መሀል ከ1185 አይዘልም። ወረቀት ላይ 1200 ተብሎ ከተሣለ ከዚህ ስፋት አይወጣም፤ ሰፋ ያለ ማዘዝ ወይም ሥዕሉን ማረም ግድ ይላል።

ፓነሉ በሙቀት ይለጠጣል፦ በ100 ዲግሪ ለውጥ በሜትር 2.4 ሚሊ። ጥቁር ቀለም ያለው 2.4 ሜትር ፓነል ከንጋት እስከ ቀትር 50 ዲግሪ ቢለዋወጥ 3 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀሳል። በሁሉም በኩል በሪቬት ከተቸነከረ መሄጃ ያጣና ሆድ ያወጣል። ፓነሉን ከሚይዙት አንግሎች (ማሰሪያ ብረቶች) አንዱ ይጥበቅ፣ የሌሎቹ ቀዳዳ ሞላላ ይሁን። ለመገጣጠሚያው ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከን አይሆንም፤ ኒውትራሉን ግዙ፣ ከኋላው የስፖንጅ ገመድ አስገቡ። ከቱቦላሬው ጋር በሚነካካበት ቦታ ፀረ ዝገት ቀለም ወይም የጎማ ቴፕ ይግባ።

ስለ ሙሌቱ፦ ለአንድ ፎቅ የሱቅ ግንባር በደህና ቆዳ የተሠራው ተራ ፓነል ያስኬዳል። ሰው ለሚተኛበት ፎቅ ግን ኤፍ አር ብቻ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ 72 ሰዎች ያለቁበት የግሬንፌል ታወር እሳት የተዛመተው ፖሊኢትሊን (ተራ ፕላስቲክ) ሙሌት ባለው እንዲህ ባለ ፓነል ነው፤ ከሟቾቹ መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ከሙሌቱ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ ላይተር አስጠጉ፦ ተራው እየተንጠባጠበ መንደዱን ይቀጥላል፣ ኤፍ አሩ ላይተሩ ሲርቅ ይጠፋል። የፋብሪካውን የእሳት ፈተና ሰርተፊኬት ግን አይተካም።

ቁራጮቹን ስትሰቅሉ ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቀስት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይይ፤ ሜታሊክ ቀለም ከተገለበጠ ጎን ለጎን ያሉት ፓነሎች ሁለት ቀለም ይመስላሉ። ፕላስቲኩ ሪቬት ከመመታቱ በፊት ከጠርዙ ተገልጦ፣ ግድግዳው እንዳለቀ ሙሉ በሙሉ ይላጥ። ወራት ፀሐይ ከበላው ሙጫው ፊቱ ላይ ይጋገራል፣ መወጣጫው ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የሚደርስበት ሰው የለም።