«ያቺ የኔ ናት፣ አትሸጥም»፦ ጅማ መርካቶ የመስታወት ጨርቅ ልትገዙ ለምትወጡ

ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ሻይ እንኳን ሳልጠጣ ነው የምጽፈው።

ሂርማታ መርካቶ የቤት ዕቃ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ መወልወያና መጥረጊያ ተደግፏል፣ ከላይ ጆግና ባልዲ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። ገና ደጃፉ ላይ ስትደርሱ «ነይ የኔ እናት፣ ምን ላውጣልሽ?» ይሏችኋል። የሱቁን ስም አልጠራም። ሁሉም እንደዚህ ናቸው ማለቴም አይደለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጅማ መስኮት ምን እንደሚመስል ለጅማ ሰው አይነገርም። ዝናቡ ቀዩን አፈር እየረጨ የታችኛውን መስታወት ጭቃ በጭቃ ያደርገዋል። ድሮ በጋዜጣና በአቼቶ እንገላገለው ነበር። አሁን ጋዜጣው ራሱ ከየት ይምጣ? አሮጌ ነጠላ ደግሞ ክሩን መስታወቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ጎረቤቴ «ማይክሮፋይበር የሚባለውን ጨርቅ ግዢ፣ ያለ ሳሙናም ይሠራል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥሩው ይሠራል።

ሰውዬው ትከሻው ላይ ግራጫ ጨርቅ ጣል አድርጓል። ማይክሮፋይበር ስለው አንድም ቃል አልተናገረም። ጣቱን ቅባት የተቀባው ፀጉሩ ውስጥ አሻሸና የባንኮኒው መስታወት ላይ ጭኖ ጎተተው። ወፍራም የቅባት መስመር። ከሃይላንድ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት። ከዚያ ያቺን ግራጫ ጨርቅ ከትከሻው አውርዶ አንዴ ብቻ አሳለፋት። ቅባቱ የለም፣ ውሃው የለም፣ ክር የለም። ጎንበስ ብዬ በብርሃን በኩል ሁሉ አየሁት። ጥርት ብሏል።

«ይቺን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«እሷው ናት እናቴ! ኦርጅናል!» ብሎ ከባንኮኒው ሥር የታሸገ ጥቅል አወጣ። አምስት ፍሬ፣ 750 ብር። ላዩ ላይ «80 በመቶ ፖሊስተር፣ 20 በመቶ ፖሊአማይድ» የሚል ተጽፎበታል። በላስቲኩ በኩል የምትታየው የላይኛዋ ግራጫ ናት፣ መልኳም ያው ነው። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ነይና ውሰጂ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። የላይኛዋ ደህና ናት። ከሥሯ ያሉት ግን ሲነኳቸው ሙልጭ ሙልጭ የሚሉ፣ እንደ ርካሽ የሸሚዝ ገበር ያሉ ናቸው። እርጥብ መስታወት ላይ ሳሳልፋቸው ውሃውን ወዲያና ወዲህ ይነዱታል እንጂ አይጠጡትም። ሲደርቅ መስታወቱ መስመር በመስመር ሆነ። ነገሩ ምስጢር የለውም። ጥሩው የጽዳት ማይክሮፋይበር ክሩ በጣም ቀጭን ሆኖ የተሰነጠቀ ነው። ውሃውንም ቅባቱንም የሚይዘው በስንጥቁ መሃል ነው። ክሩ ካልተሰነጠቀ እንደ ተራ ፖሊስተር ነው የሚሆነው፣ ጥቅሉ ላይ የፈለገው ቁጥር ይጻፍ።

ጨርቆቹን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። አሁን «የኔ እናት» የለም። «ምን ነበር ሴትዮ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ነገርኩት። «መስኮት አጸዳድ ካላወቅሽ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ከኋላ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔም ከዚያው ሃይላንድ ባንኮኒው ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ከኔዎቹ አንዱን አውጥቼ አሳለፍኩበት። ውሃው ከጨርቁ ፊት ፊት እየሸሸ ሄዶ የሱቁን የዱቤ ደብተር አራሰው። ያኔ ዓይኑ ከስልኩ ተነሳ! ዘሎ ያቺን ግራጫ ጨርቅ ከትከሻው መነጨቀና ባንኮኒውን በአንዴ አደረቀው።

«እሺ፣ እሷን ስጠኝ። አሳይተህ የሸጥክልኝ እሷን ነው» አልኩት።

ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያቺ የኔ ናት፣ አትሸጥም!»

አላፈረም እኮ። አልደነገጠም። ጨርቋን አጥፎ ትከሻው ላይ መለሳት፣ እንደ ነጠላ አስተካከላት። ልጁ አሁንም ይስቃል። እኔ ፌስታሌን ይዤ ቆሜያለሁ።

ስለ ሕጉ ነገርኩት። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው ጉድለት ካለበት፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል። በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ። «እሱ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም» ስለው ፈገግ ብሎ «በይ እንግዲያው ደረሰኝሽን አምጪ» አለኝ። ማሽኑ ለምን እንደተበላሸ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ሌላ ገዢ ገባች። «ነይ የኔ እናት» አላት፣ ጣቱንም ወደ ፀጉሩ ሰደደ። «እህቴ፣ ከትከሻው ላይ ያለውን ስጠኝ በይው» ብያት ወጣሁ።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ ጥቅሉን እስከ ታችኛው ድረስ አስፈቱ። እያንዳንዱን በደረቅ መዳፍ ዳብሱት። ደህናው የእጃችሁን ሸካራ ቆዳ ያዝ ያዝ ያደርጋል፣ ውሸተኛው ይንሸራተታል። ውሃ ጠብ አድርጋችሁም ሞክሩ። ለመስታወት የሚሆነው ጠጉሩ አጭር፣ ልስልስ ብሎ የተሠራው ነው፤ ጠጉረ ረጅሙ ለአቧራ ይሁን።

ደህናውን ካገኛችሁ ደግሞ በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አታስነኩት፣ መጠጣቱን ያቆማል። መጀመሪያ አሸዋውንና ጭቃውን በውሃ አስለቅቁ፣ አለዚያ መስታወቱን ይጭረዋል። ከዚያ አንዱን ጨምቃችሁ በእርጥቡ፣ ሌላውን በደረቁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው አትጀምሩ፣ ውሃው ሳትደርሱበት ደርቆ መስመር ይሠራል።

ደረሰኙን ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ መርካቶ ሱቅ አልጠፋም።