ኢፒአይ ስዊት 4.11፦ ከካዛንቺስ ቢሮ ሲታይ

ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ላሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አማካሪዎች፣ አንድ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ቀበና ወንዝ ቢገባ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ የተለመደ ሥራ ነው። መልሱ ግን አቅራቢው ከላከው ሴፍቲ ዳታ ሺት (የኬሚካሉ የደህንነት መረጃ ሰነድ) እምብዛም አይገኝም፤ ስለ አካባቢ የሚያወራው 12ኛው ክፍል ብዙ ጊዜ «መረጃ የለም» ብሎ ያልፋል። ኢፒአይ ስዊት ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራ ፕሮግራም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነጻ ያድለዋል፤ እትም 4.11 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ገጹ ያረጀ ነው፤ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ግን አሁንም እንመክረዋለን።

ትልቁ ጥቅሙ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ዊንዶውስ ያለው ደካማ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የካስ ቁጥር፣ ማለትም ኬሚካሉ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅበትን መለያ፣ ሲያስገቡለት በውሃ መሟሟቱን፣ መበስበሱን፣ ዓሣ ውስጥ መከማቸቱንና መርዛማነቱን በተከታታይ ያወጣል። ከ40,000 በላይ ኬሚካሎች የያዘ የተለኩ ቁጥሮች ቋትም አብሮት አለ። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የተለካውና የተገመተው ሳይለይ ቀድሞ የታየው ቁጥር ይገለበጣል።

በግንባታ ፎም ውስጥ እሳት እንዲያዘገይ ይጨመር የነበረውን ሄክሳብሮሞሳይክሎዶዴኬን እንመልከት፤ የካስ ቁጥሩ 3194-55-6 ነው። ሳይበሰብሱ የሚቆዩ በካይ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ዝርዝሩ ውስጥ ስላስገባው ባሕርዩ የታወቀ ነው፤ ፕሮግራሙን ለመፈተን ይመቻል። ኬሚካሉ ከውሃ ይልቅ ወደ ስብ ምን ያህል እንደሚያደላ የሚያሳየውን ሎግ ኬኦደብልዩ ኬኦዊን የተባለው ክፍል 7.74 ብሎ ይገምታል። በላብራቶሪ የተለካው 5.6 ገደማ ነው። ሎጋሪዝም ስለሆነ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የተለካ ቁጥር ካለ በመግቢያው ገጽ ለዚሁ በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ በእጅ ይጻፍ።

ያም ሆኖ አያልቅም። ቢሲኤፍ፣ ማለትም ዓሣው ውስጥ ያለው መጠን በውሃው ውስጥ ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሰላው ቀመር፣ ሎግ ኬኦደብልዩን በ0.6598 አባዝቶ 0.333 ይቀንሳል፤ የሚገኘው የቢሲኤፍ ሎግ ነው። በ5.6 ሲሰላ ቢሲኤፉ 2,300 ገደማ ይሆናል። በአውሮፓ ኅብረት መለኪያ ከ2,000 በላይ «የሚከማች»፣ ከ5,000 በላይ «እጅግ የሚከማች» ነው። በዓሣ ላይ የተለካው ግን 18,100 ነው! ሞዴሉ ስምንት እጥፍ ያህል አሳንሶታል። 2,300ን ብቻ ያየ አማካሪ ከባዱ ምድብ ያመልጠዋል። ሎግ ኬኦደብልዩ ከ7 ሲያልፍ ደግሞ ቀመሩ ይገለበጣል፤ ስብ ወዳድነቱ በጨመረ ቁጥር ቢሲኤፉ ይወርዳል። በጣም ከፍ ያለ ሎግ ኬኦደብልዩ ይዞ ዝቅ ያለ ቢሲኤፍ የመጣ ኬሚካል በዚህ ምክንያት ብቻ ንጹሕ ነው ሊባል አይገባም።

የመበስበሱ ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬሚካሉ ለመበስበስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚገምተው የባዮዊን 3 ነጥብ በ2.25 እና በ2.75 መካከል ሲሆን «ከሳምንታት እስከ ወራት» የሚል ምድብ ይሰጣል። ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ይህን 37.5 ቀን ግማሽ ዕድሜ (የኬሚካሉ መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) አድርጎ ይወስድና ለአፈር በ2፣ ለደለል በ9 ያባዛዋል፦ ውሃ 37.5፣ አፈር 75፣ ደለል 337.5 ቀን። የአውሮፓ ወሰን ጨው ለሌለው ውሃ 40፣ ለአፈር 120፣ ለወንዝ ደለል 120 ቀን ነው። ያው ኬሚካል በሁለቱ አልፎ በደለል ይወድቃል፤ ምክንያቱ ልኬት ሳይሆን ማባዣው ነው። እነዚህን ቀናት እንደ ማስረጃ ማቅረብ ስህተት ነው። ትክክለኛው አሠራር ነጥቦቹን ራሳቸውን ማንበብ ነው፦ በፍጥነት የመበስበስ ዕድሉን የሚገምቱት ባዮዊን 2 ወይም ባዮዊን 6 ከ0.5 በታች ሆኖ ባዮዊን 3 ከ2.25 ካነሰ ኬሚካሉ ሳይበሰብስ ይቆያል ተብሎ ይጠረጠራል፤ 2.25 እስከ 2.75 ከሆነ ተጨማሪ መረጃ ይፈለጋል። ኬሚካሉ በአየር፣ በውሃና በአፈር እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳየው ሞዴልም የውሃውን ጥልቀት 20 ሜትር አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ቀበና በበጋ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ውጤቱን በቀጥታ አይወስድም።

መርዛማነትን የሚገምተው ኢኮሳር ነው። ሎግ ኬኦደብልዩ ከ5 ሲያልፍ ለዓሣና ለዳፍኒያ (ለሙከራ የምትውል ትንሽ የውሃ ፍጥረት) የአጭር ጊዜ ጉዳት አይጠበቅም ይላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። መታየት ያለበት የረጅም ጊዜው መስመር ነው፤ የአውሮፓ ወሰኑም በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ከላይ ያየነው የፎም ኬሚካል በ21 ቀን የዳፍኒያ ሙከራ ጉዳት ያልታየበት መጠን በሊትር 0.0031 ሚሊግራም ነው፤ ከወሰኑ በታች በመሆኑ መርዛማ ይባላል።

ፕሮግራሙ የማይሆንላቸው ነገሮች አሉ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ ማንኛውም ብረት፣ ሳሙናነት ያላቸው ኬሚካሎች አይገቡበትም። ፒፎስን የመሰሉ ፍሎሪን የበዛባቸውም እንደዚያው፤ የሚከማቹት በስብ ሳይሆን በደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቀው ስለሆነ በሎግ ኬኦደብልዩ አይያዙም።

ድብልቆች ግን በአግባቡ ከተያዙ ይሠራሉ። ለቆዳ ማለስለሻ ቅባት የሚውለው አጭር ሰንሰለት ክሎሪን ያለው ፓራፊን፣ የካስ ቁጥሩ 85535-84-8፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በስቶክሆልም ዝርዝር የገባ ነው። በአንድ ቁጥር ሥር ብዙ ሺህ ሞለኪውሎች አሉት፤ ካሱን ብቻ አስገብቶ በአንድ መዋቅር ውጤት መፍረድ አይቻልም። ከ10 እስከ 13 ካርቦን ያላቸውን፣ ክሎሪናቸው ያነሰና የበዛ ወካዮችን መዋቅር በየተራ በስማይልስ አጻጻፍ (የሞለኪውል መዋቅር በፊደላትና በምልክቶች የሚጻፍበት መንገድ) ማስገባት፣ ከዚያ የሁሉንም ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ አድርጎ ፍርዱን በከፋው መስመር ላይ መመሥረት ያስፈልጋል። ሙሉው የውጤት ፋይልም ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ፤ የትኛው ቁጥር ከልኬት፣ የትኛው ከግምት እንደመጣ ገምጋሚው የሚያየው እዚያ ላይ ነው።