የትኛውን ልግዛ? ሁለት ልብ ወለድና ሦስት ማስታወሻ ጎን ለጎን

መጽሐፍ ተወዷል። ሽፋኑ ያማረውን አንስቶ መሄድ አያዋጣም። እኔ ሃያሲ አይደለሁም፤ ከሥራ መልስ የማነብ ተራ አንባቢ ነኝ። ግን "ልብ ወለድ ይሻላል ወይስ እውነተኛ ታሪክ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ስለ አንድ ዘመን ማወቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የዘመኑን ልብ ወለድ ግዙ። ማስታወሻው ይደርሳል።

ከ"ፍቅር እስከ መቃብር" ልነሣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሁለት ቀን የሚያልቅ መስሏችሁ አትግዙት። ብዙ ሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ፈልጎ ይገዛዋል፣ ከዚያ ሲከፍተው የሚያገኘው የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው፣ ፍቅሩ የት አለ እያለ ጥቂት ይገፋና እዚያው ላይ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ይህ ያሳዝነኛል። የወላጆቹን ስለት ያላነበበ ሰው፣ በኋላ በዛብህ ከራሱ ጋር የሚገጥመው ትግል አይገባውም። ልጁ ሳይጠየቅ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው የአባቷ ቁጣ ብቻ አይደለም።

ለእኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ነገር የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ጠፍቶ ዓመታት ያልፋሉ፣ ባላገሩ በቃኝ ብሎ ይነሣባቸዋል፣ ዘመዳቸው ጉዱ ካሳ ደግሞ እብድ እየተባለ፣ ለብቻው እያወራ፣ ሁሉም የሚፈራውን ይናገራል። ሐዲስ ፊታውራሪን ጨካኝ ብቻ አድርገው አልተዉአቸውም። ያስቃሉ፣ ያናድዳሉ፣ አንዳንዴም አንጀት ይበላሉ። ስለ ባላባትና ስለ ባላገር ያነበብኩት የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ይህን ያህል አላስረዳኝም።

ስትገዙ ሕትመቱን እዩ። ሐዲስ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፣ አንባቢ እንዳይሳሳት አስበው ነው። አስመስሎ በተባዛ የደበዘዘ ቅጂ ላይ ነጥቧ ከቀለም እድፍ አትለይም። መንገድ ላይ ከአዟሪ ስትገዙ መሀሉን ገለጥ አድርጉ፣ ገጾቹ በተርታ መኖራቸውንም አረጋግጡ። ርካሽ ነው ብላችሁ ገጽ የጎደለው ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ ኪሳራ ነው። ማንበቡ ለሚከብደው ሰው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው አለ። ትረካውን ሰምቼዋለሁ ብላችሁ ግን መጽሐፉን አትተዉት። ድምፁን ከሰማችሁ በኋላ ስታነቡት እንዲያውም ይፈጥናል።

የሐዲስ ትዝታ የሚባለው ማስታወሻ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነገር ነው። ደራሲው ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን አገር ዓመታት በእስር ያሳለፉ ሰው ናቸው። አማርኛው ያው የሐዲስ አማርኛ ነው። ስለዚያ ጦርነት የማወቅ ጥማት ካላችሁ ግዙት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን ልብ ወለዱ ይቅደም።

ወደ ሁለተኛው ልብ ወለድ፣ ወደ ኦሮማይ እንለፍ። መጽሐፍ ማንበብ ለተወ ሰው ሁልጊዜ የምመክረው ይህንን ነው። የበዓሉ ግርማ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ ይሮጣል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ በኤርትራ አማፂያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፣ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ስለላው፣ ፍቅሩ፣ ስብሰባው፣ ጦርነቱ አንድ ላይ ተቆላልፎ እስከ አማፂያኑ ምሽግ እስከ ናቅፋ ይወስዳችኋል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቃችሁ ስታነቡት እያንዳንዱ ገጽ ይከብዳል። እንከን የለውም አልልም። ሴቶቹ አንዳንዴ ከሰው ይልቅ የጸጋዬ ምኞት ይመስሉኛል፤ በተለይ ሮማን ከዚህ የበለጠ ቦታ ይገባት ነበር። ቢሆንም ስጀምረው የማላስቀምጠው መጽሐፍ ነው።

ከእሱ ጋር የማነጻጽረው "እኛና አብዮቱ" የሚለውን ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው ፍቅረሥላሴ ወግደረስ ደርግ ውስጥ የነበሩ፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። እዚህ ላይ ከበዓሉ የማታገኙትን ታገኛላችሁ፦ ከውስጥ ሆኖ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን። ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ነገሩ እንዴት እንደተወሰነ። ንባቡ ግን ቀላል አይደለም፤ ስሙና ስብሰባው ብዙ ነው፣ የዘመኑን ታሪክ ትንሽ ለማያውቅ ሰው ያደክማል። ደግሞ ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ማስታወሻ ሲጽፍ ለራሱም ጠበቃ ይሆናል። ይህ የሳቸው ብቻ ሳይሆን የባለሥልጣን ማስታወሻ ሁሉ ጠባይ ነው። ስለዚህ ብቻውን አትግዙት። የሌላ ወገን ሰው የጻፈውን አጠገቡ አድርጉ። ልብ ወለድ ላይ በዓሉ ጸጋዬን መከላከል አላስፈለገውም፤ ሲዋሽም ሲፈራም ያሳየናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ልብ ወለድ አይቅደም ብዬ የምከራከርለት አንድ ማስታወሻ ብቻ አለ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ኦቶባዮግራፊ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመው። በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተዋል። ከዚያ ሩሲያ ሄደው አደጉ፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ ጣሊያን ሲመጣብን ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው! ስለ ዓድዋ ስንሰማ ያደግነው የነገሥታትና የጀግኖች ታሪክ ነው፤ እዚህ ግን ጦርነቱ በልጅ ዓይን ይታያል። ሰውዬው ስለ ትልልቅ ሰዎች ያላቸውን ቅሬታም ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ። ልብ ወለድ አልወድም የሚል አባት ወይም አጎት ካላችሁ ስጦታው ይኸው ነው።

እንግዲህ ለአንባቢ ጀማሪ ኦሮማይ። ትዕግሥት ላለው፣ አማርኛውን ማጣጣም ለሚፈልግ ፍቅር እስከ መቃብር። ታሪክ ወዳድ ከሆናችሁ ኦቶባዮግራፊን አስቀድሙ፣ እኛና አብዮቱ ኦሮማይን ከጨረሳችሁ በኋላ ይሻላል። ውጭ አገር ላላችሁ፣ አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ ልጆቻችሁ ሁለቱም ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛ አሉ። ፍቅር እስከ መቃብርን ሲሳይ አየነው ተርጉሞታል፣ ኦሮማይ ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አሥራዎቹ ውስጥ ላለ ልጅ ኦሮማይን ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ አንብቡት፣ የአልጋና የደም ነገር አለበት። ለእሱ የሰብለና የበዛብህ ታሪክ ይቅደም።