ለፕሌይስቴሽን 1 የቱ ይሻላል፦ ቺፕ፣ ሜሞሪ ካርድ ወይስ የኤስዲ ድራይቭ?

በ1994 የወጣው ግራጫው ፕሌይስቴሽን የሌላ ክልል ዲስክ (ማለትም ለሌላ የዓለም ገበያ፣ ለምሳሌ ለጃፓን የተሠራ) ሲገባበት እምቢ ይላል። ይህን ለማለፍ ዛሬ ሦስት አማራጭ አለ። ቺፕ መበየድ፣ በሜሞሪ ካርድ መክፈት፣ ወይም የሲዲ ድራይቩን አውጥቶ በኤስዲ ካርድ አንባቢ መተካት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሌዘሩን ፈትሹ። በኦሪጅናል ዲስክ እንኳ ቪዲዮው የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወይም ኮንሶሉ ካልተገለበጠ የማያነብ ከሆነ፣ ቺፕ መግዛት ከንቱ ነው። ቺፕ ቁልፉን ይከፍታል እንጂ ያረጀ ሌዘር አያድስም።

ቺፑ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። በኦሪጅናል ዲስክ መጀመሪያ ላይ ትራኩ ራሱ በተለየ መንገድ ይወዛወዛል። ተራ የሲዲ መቅጃ ይህን መሥራት አይችልም። በውዝዋዜው ውስጥ የክልሉን መለያ የያዙ አራት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ለአሜሪካ ኤስሲኢኤ፣ ለአውሮፓ ኤስሲኢኢ፣ ለጃፓን ኤስሲኢአይ። ቺፑ እነዚህን ፊደላት በዲስኩ ፋንታ ይልካል፣ ኮንሶሉም ያምናል። የድሮዎቹ ቺፖች ጌሙ ከተነሳ በኋላም መላካቸውን ስለማያቆሙ፣ አንዳንድ ዘግይተው የወጡ ጌሞች ይነቁባቸውና አንሠራም ይላሉ። ስለዚህ ስትገዙ «ስቴልዝ» የሚባለውን ዓይነት ያዙ፤ ሥራውን ጨርሶ ዝም ይላል።

ከባዱ ብየዳው ነው። የሚነካው የአይሲ (ቦርዱ ላይ ያለው ጥቁር ቺፕ) እግር በጣም ቀጭን ነው፣ ጎረቤቱም እዚያው አጠገቡ አለ። ሹል ጫፍ ያለውና ሙቀቱ የሚስተካከል የሶልደር ብረት፣ ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ እንዲሁም ቀጭን ሽቦ ያስፈልጋል። 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እርሳስ አልባው ግን ብዙ ጊዜ ከ217 በላይ ይፈልጋል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል፤ መስኮት መክፈትና እጅ መታጠብ ግን ግድ ነው። የሽቦውን ጫፍ ቀድማችሁ ሶልደር አልብሱት። ከዚያ እግሩ ላይ አስደግፋችሁ ብረቱን አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ አስነኩት። ብዙ ከቆያችሁ የቦርዱ መዳብ ይላቀቃል፤ እሱን መመለስ ደግሞ ራስ ምታት ነው። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት በመልቲሜትር ፖዘቲቩና ግራውንዱ አለመገናኘታቸውን አረጋግጡ።

ብረት ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ሜሞሪ ካርዱ ይበቃችኋል። በ2021 የወጣው ፍሪፒኤስኤክስቡት የሚባል ሶፍትዌር ካርዱ ላይ ይጫናል፣ ኮንሶሉም አይፈታም። የሚጫነው ፋይል ከኮንሶላችሁ ባዮስ (ውስጡ ያለው የማስነሻ ሶፍትዌር) ጋር መግጠም አለበት። ጉዳቱ፣ ኮንሶሉን ባበራችሁ ቁጥር የካርድ ማኔጀሩን ከፍታችሁ እንደገና ማስነሳት አለባችሁ። በየቀኑ ለሚጫወት ሰው ያሰለቻል። አልፎ አልፎ ለሚያበራ ግን የእኔ ምርጫ ይኼ ነው።

ሌዘሩ የሞተበት ሰው እንደ ኤክስስቴሽን ያለውን የኤስዲ ካርድ አንባቢ ይመልከት። ድራይቩ ወጥቶ ጌሙ ከማይክሮ ኤስዲ ይነበባል፤ ጫጫታ የለም፣ ዲስክ መጫርም ቀረ። ከቺፕ በጣም ይወደዳል፣ ብየዳም አይቀርለትም። ደግሞም ለሁሉም ቦርድ አይሆንም።

አንድ ነገር ሦስቱም አያስተካክሉም። በተራው የቢጫ ቪዲዮ ገመድ የሌላ ክልል ጌም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቲቪያችሁ የሚቀበል ከሆነ የአርጂቢ ገመድ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚያስተላልፍ) ይፈታዋል።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በ2005 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፕሌይስቴሽን ቺፕ ክርክር ላይ በሶኒ ላይ ፈርዶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ሕጉ ራሱ ተቀየረ። የአገራችሁን ሳታጣሩ አትዘዙ።

ቺፕ ወይም ኤክስስቴሽን ከመረጣችሁ ደግሞ የሞዴሉ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ኮንሶሉን ፈታችሁ ቦርዱ ላይ የታተመውን አንብቡ፤ ፒዩ-8፣ ፒዩ-18፣ ፒዩ-22 እያለ ይሄዳል። ሽቦው የሚበየድበት ቦታ በእያንዳንዱ ስለሚለያይ፣ ሻጩ ለእናንተ ቦርድ ሥዕል ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።